የሮአኖክ ሰዎች ወዴት ሄዱ? ለክርስቲያናዊ ታሪካዊ ልብ ወለድ የትኛው ፍጻሜ ይሻላል

የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ገዥ የነበረው ጆን ዋይት፣ ዛሬ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በምትገኘው ሮአኖክ ደሴት ላይ ተመልሶ የወረደው በ1590 ኦገስት 18 ቀን ነው። በዚያ ዕለት የልጅ ልጁ ቨርጂኒያ ዴር ሦስት ዓመት ይሞላታል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መርከበኞቹ ጀልባቸውን ከዳርቻው አጠገብ አቁመው መለከት ነፍተዋል፣ የአገራቸውንም ዘፈን እየደጋገሙ ዘፍነዋል፤ ከደሴቲቱ ግን የመለሰላቸው አልነበረም። ሲነጋ ያገኙት ባዶ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ፈርሰው ተነሥተዋል፤ ስፍራው ዙሪያውን በትልልቅ ግንድ ታጥሯል። ከመግቢያው አጠገብ ባለ ምሰሶ ላይ «ክሮአቶአን» የሚል ስም፣ በአንድ ዛፍ ላይ ደግሞ «ክሮ» የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል። ዋይት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1587፣ ስንቅ ሊያመጣ ወደ እንግሊዝ ሲለያቸው ከሰዎቹ ጋር ውል ነበረው፤ ሰፈር ከለቀቁ የሚሄዱበትን ስም ይቀርጻሉ፣ በጭንቅ ተገደው ከሆነ ደግሞ ከስሙ ጋር መስቀል ያደርጋሉ። መስቀል አልነበረም።

ዋይት ደስ ብሎት የአገሬው ወዳጆቻቸው ወደሚኖሩበት ወደ ክሮአቶአን ደሴት ለመሻገር ተነሣ። ማዕበሉ መልሕቆቹን ቆረጠበት፣ መርከቦቹም ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ተገፉ። ልጁን ኤሊኖርንና የልጅ ልጁን ዳግመኛ ሳያያቸው ቀረ። የተመዘገበው ታሪክ እዚህ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የልብ ወለድ ጸሐፊው ድርሻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ በአማርኛ መንፈሳዊ ልብ ወለድ መጻፍ ለሚያስብ ሰው ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ የሚወስነው ሰዎቹ የት እንደ ደረሱ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ምሥጢር መፍቻ ብቻ ይመለከቱታል። ለእኔ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ፍጻሜውን የመረጠ ጸሐፊ መጽሐፉ የሚጠይቀውን የእምነት ጥያቄም መርጧል። ስለዚህ ምርጫዎቹን የማነጻጽረው በሦስት ነገር ነው፦ ማስረጃው ምን ያህል ይደግፈዋል? ለእምነት ምን ዓይነት ፈተና ያቀርባል? የአገሬውን ሰዎች እንደ ሰው ወይስ እንደ ጌጥ ያያቸዋል?

ከምርጫው በፊት የነበረው ደም

የትኛውም ፍጻሜ ቢመረጥ፣ የ1587ቱ ሰፋሪዎች ንጹሕ ምድር ላይ አልወረዱም። በ1584 ሰር ዋልተር ራሌይ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ፈቃድ አግኝቶ የላካቸው ሰዎች ሁለት የአገሬውን ወጣቶች ይዘው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ፤ የክሮአቶአኑን ማንቴኦንና የሮአኖኩን ዋንቺዝን። ሁለቱም ለንደንን አይተው፣ የሒሳብ ሊቁን ቶማስ ሃሪዮትን ቋንቋቸውን አስተምረው በ1585 ወደ አገራቸው መጡ። ማንቴኦ የእንግሊዞች ወዳጅ ሆኖ ቀረ፤ ዋንቺዝ ግን ከዳቸው። በዚያው ዓመት የሰፈሩት ከመቶ የሚበልጡ ወንዶች በራልፍ ሌን ትእዛዝ ሥር ነበሩ። ገና ሲደርሱ አንዲት የብር ጽዋ ጠፋች ተብሎ አኳስኮጎክ የምትባል መንደር ከነበቆሎዋ ተቃጠለች። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ የሌን ሰዎች የሮአኖኩን አለቃ ዊንጊናን ገደሉት። ከዚያ በፍራንሲስ ድሬክ መርከቦች ተሳፍረው አገራቸው ገቡ።

ዋይት ቤተሰቦችን ይዞ የመጣው በዚህ ቂም ላይ ነው። ሰዎቹ ሊሰፍሩ ያሰቡት ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነበር፤ የመርከቡ መሪ ሲሞን ፈርናንዴዝ ግን ከሮአኖክ አልፎ አልወስዳችሁም አለ። ከመጡ ሳምንት ሳይሞላ ጆርጅ ሃው የተባለ ሰፋሪ ብቻውን ውኃ ውስጥ ገብቶ ሸርጣን ሲይዝ በ16 ቀስት ተመትቶ ሞተ።

የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት ማንኛውም ክርስቲያን ጸሐፊ በጥሞና ሊያነባቸው ይገባል፤ ለልብ ወለድ የሚሆነው እውነተኛ ፍም ያለው እዚህ ነውና። እንግሊዞች በማንቴኦ መሪነት ወደ ክሮአቶአን ሲሄዱ ሰዎቹ ሁለት ነገር ለመኗቸው። አንደኛ፣ በቆሏችን ጥቂት ነውና አትውሰዱብን፣ አታበላሹብንም። ሁለተኛ፣ ወዳጆቻችሁ መሆናችንን የምትለዩበት ምልክት ስጡን፤ በሌን ዘመን በስሕተት የቆሰሉብን አሉ። ምልክቱ ሳይሰጣቸው ኦገስት 9 ቀን ዋይት 24 ሰዎች ይዞ የሃውን ደም ለመበቀል በሌሊት ተሻገረና ጎሕ ሳይቀድ እሳት ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ላይ ተኮሰ። ገዳዮቹ ቀድመው ሸሽተው ነበር። እሳቱ ዙሪያ የነበሩት የተተወውን በቆሎና ትምባሆ ለመሰብሰብ የመጡ ክሮአቶአኖች፣ የማንቴኦ ወገኖች ናቸው። አንዲት ሴት ከሞት የተረፈችው በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ስለታየ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ እሑድ ኦገስት 13፣ ማንቴኦ በሮአኖክ ተጠመቀ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ቨርጂኒያ ዴር ተወለደች፤ በተከታዩ እሑድ እርሷም ተጠመቀች። በተከታታይ ሁለት እሑዶች፣ በአንድ ስፍራ፣ አንድ የአገሬው ሰውና አንዲት የሰፋሪ ሕፃን። ማንቴኦ ያን ዕለት ወገኖቹን ስለመቱት ሰዎች በልቡ ምን ይል እንደ ነበር ማንም አልጻፈልንም። ዋይት የጻፈው ጉዳቱን የራሳቸው የወገኖቹ ጥፋት ነው ማለቱን ብቻ ነው። አፉ ይህን ሲል ልቡ ምን ይል ነበር? ይህን ጥያቄ ሳይነካ የሚያልፍ የሮአኖክ ልብ ወለድ፣ ፍጻሜው የቱንም ያህል ቢያምር፣ የታሪኩን ልብ ስቶታል ብዬ አምናለሁ።

ምርጫ አንድ፦ ከማንቴኦ ወገኖች ጋር መኖር

ክሮአቶአን ዛሬ ሃተራስ የሚባለው ደሴት ነው። ሰዎቹ ራሳቸው በምሰሶ የቀረጹት ስም ስለሆነ በማስረጃ በኩል ይህን የሚስተካከል የለም፤ የመስቀሉ አለመኖርም በሰላም መሄዳቸውን ያመለክታል። በ1709 ጽሑፉን ያሳተመው አሳሽ ጆን ላውሰን የሃተራስ ሰዎች ከቅድመ አያቶቻቸው አንዳንዶቹ ነጮች እንደ ነበሩና በመጽሐፍ እንደሚናገሩ (ማለትም እንደሚያነቡ) እንደ ነገሩት፣ ከመካከላቸውም ግራጫ ዓይን ያላቸው እንዳሉ መዝግቧል። በደሴቱ ላይ በተደረጉ ቁፋሮዎች የአገሬው ሰዎችና የእንግሊዝ ዕቃዎች በአንድ ላይ ተገኝተዋል፤ ዕቃዎቹ በንግድ ይምጡ ወይስ ከሰፋሪዎቹ ጋር፣ ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። ዛሬ በኖርዝ ካሮላይና የሚኖሩት ላምቢዎችም ዘራቸውን ከእነዚህ ሰፋሪዎች ጋር የሚያያይዝ ትውፊት አላቸው።

ደሴቱ ጠባብ ነው። በ1998 የታተመ የሳይፕረስ ዛፍ ቀለበቶች ጥናት ደግሞ ከ1587 እስከ 1589 ያሉት ሦስት ዓመታት በዚያ አካባቢ ለ800 ዓመት ያልታየ ድርቅ የጠናባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። በቆሏችንን አትንኩብን ያሉት ሰዎች ከመቶ የሚበልጥ እንግዳ እንዴት ቀለቡ? ለዚህ መልስ የማያዘጋጅ ጸሐፊ ይህን ፍጻሜ አይምረጥ። ሰፋሪዎቹ ተከፋፍለው ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ደሴቱ ሄዱ ማለት ከሁሉ ይቀላል፣ የታሪክ ሰዎችም የሚያዘነብሉት ወደዚሁ ነው።

እምነት እንዴት ይፈተናል? ብዙ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ የመጽሐፈ ሩት ቃል ይታወሰዋል፦ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል»። የሮአኖክ ሰዎች የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ግማሽ ለማለት ተገድደዋል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ክርስቲያን እንዴት ይላል? ለእንግዳ ቆሎ የሚያካፍል፣ ልጅ የሚያጠባ፣ የሞተ የሚቀብር ሕዝብ መካከል እየኖሩ፣ የራስን ወገን ግፍ እያወቁ፣ ክርስቶስን መስበክ ምን ይመስላል? ሰባኪው የሚበላው የተሰባኪውን እንጀራ ነው። ዕድሜ ልክ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ በአማርኛ ቢጻፍ ደግሞ በስደት የሚኖረው አንባቢያችን ሌላ ሰው ሳያብራራለት ይገባዋል።

አደጋውም እዚሁ ነው። ቀላሉ መንገድ ክሮአቶአኖቹን በመጽሐፉ መጨረሻ በአንድ ስብከት ማስጠመቅ ነው። ይህን እባክዎ አያድርጉ። ሃሪዮት በ1588 ባሳተመው ዘገባ የአገሬው ሰዎች ከሁሉ በላይ የሆነ አንድ ዘለዓለማዊ አምላክ እንደሚያምኑ፣ ነፍስ እንደማትሞት፣ የክፉዎችም ነፍስ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ፖፖጉሶ ወደሚሉት የሚነድ ጉድጓድ እንደምትወርድ ጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስ ሲያሳያቸው ብዙዎቹ ዳሰሱት፣ ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አደረጉት፣ ገላቸውን አሻሹበት፤ እርሱ ደግሞ ኃይሉ በዕቃው ሳይሆን በውስጡ ባለው ትምህርት ነው እያለ ይነግራቸው ነበር። እንግሊዞች ካለፉባቸው መንደሮች በአንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎች በማይታወቅ በሽታ ያልቁ እንደ ጀመር፣ በአንዷም እስከ 120 ሰው እንደ ሞተ ይኸው ሰው መዝግቧል። ሰዎቹ የእንግሊዞች አምላክ ከሩቅ እየመታን ነው ብለው አሰቡ። አያቷ በዚያ በሽታ የሞተችባት ልጅ ስለዚህ አምላክ ፍቅር ስትሰማ ምን ትጠይቃለች? ልብ ወለዱ የልጅቱን ጥያቄ ከነክብደቱ ማስቀመጥ አለበት።

ምርጫ ሁለት፦ ወደ ውስጥ አገር መግባት

ዋይት ሲለያቸው ወደ ውስጥ 50 ማይል ለመሄድ አስበው እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። በ2012 የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ዋይት የሣለውን ካርታ ሲመረምሩ በተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ሥር የምሽግ ምልክት አገኙ፤ ምልክቱ በአልቤማርል ወሽመጥ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው፣ ርቀቱም ከ50 ማይሉ ጋር ይቀራረባል። በአካባቢው በተደረጉ ቁፋሮዎች የእንግሊዝ ሸክላ ስብርባሪዎች ወጥተዋል። ብዛታቸው የአንድን ከተማ ሳይሆን የጥቂት ሰዎችን ቤት የሚያመለክት ነው።

ለጸሐፊ ምቹ ነው፤ ማንም ስለማያውቀው ነጻነት ይሰጣል። እኔ የምፈራውም ይህንኑ ነጻነት ነው። ሰፋሪዎቹን ብቻቸውን ጫካ ውስጥ አስቀምጦ የራሳቸውን ትንሽ የጸሎት መንደር እንዲሠሩ ማድረግ ያጓጓል፤ ነገር ግን ያ ጫካ ባዶ አልነበረም። ቾዋኖኮች የሚባሉ ብዙ ሕዝቦች ትልልቅ መንደሮች የነበሩበት ምድር ነው፣ ሌንም በ1586 አለቃቸውን ሜናቶኖንን አስሮ ነበር። ጎረቤቶቹን ያስወጣ ልብ ወለድ የእምነት ፈተናውንም አብሮ ያስወጣዋል። ስለ ጉባኤ ሕይወት መጻፍ ለሚወድ ሰው ግን ይህ ፍጻሜ ጥሩ ሜዳ ነው፤ ያለ ካህን፣ ያለ ደወል፣ ከአገር የሚመጣ ደብዳቤ በሌለበት ጥቂት ቤተሰብ አንድ ላይ እንዴት ይጸልያል? ማን ይመራል? ጥል ሲነሣ ማን ያስታርቃል?

ምርጫ ሦስት፦ የፓውሃታን ፍጅት

በ1607 የተመሠረተችው የእንግሊዞች ሰፈር፣ የጀምስታውን ሰዎች ስለ ጠፉት ወገኖቻቸው ወሬ ያነፍንፉ ነበር። ካፒቴን ጆን ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን የሚለብሱ ሰዎች በደቡብ በኩል እንዳሉ ሰምቷል። የጀምስታውን ጸሐፊ የነበረው ዊልያም ስትሬቺ ደግሞ ሰፋሪዎቹ ከ20 ዓመት በላይ ከአገሬው ጋር ተቀላቅለው በሰላም እንደ ኖሩና በመጨረሻ ኃያሉ አለቃ ፓውሃታን እንዳስፈጃቸው ጻፈ። ሰባት ሰዎች፣ ማለትም አራት ወንዶች፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ወጣት ሴት ሸሽተው ሪታኖ በምትባል ስፍራ ኢያኖኮ ለተባለ አለቃ መዳብ ይቀጠቅጡ ነበር ይላል።

ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ሲያነብ ልቡ መምታቱ አይቀርም። ቨርጂኒያ ዴር በሕይወት ብትኖር በ1607 ዕድሜዋ ወደ 20 ይጠጋል፤ ያቺ ወጣት እርሷ ብትሆንስ? የሰማዕትነት ታሪክ ለሚወድ አንባቢም ከዚህ የሚበልጥ የለም።

እኔ ግን ይህን ፍጻሜ ለጀማሪ አልመክርም። ምክንያቴ ማስረጃው ነው፤ ስትሬቺ የጻፈው የሰማውን ነው፣ የጻፈበትም ጊዜ እንግሊዞች ከፓውሃታን ጋር የተጋጩበትና ጠላትነታቸውን የሚያጸድቅ ምክንያት የፈለጉበት ነው። ለፍጅቱ የፓውሃታንን ካህናት ምክር ተጠያቂ ማድረጉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ያን ክስ ሳይመረምር የተቀበለ ልብ ወለድ አንድን ሕዝብ በሙሉ ሄሮድስ ያደርገዋል። ደግሞም ሰማዕት የሚባለው ስለ እምነቱ የሞተ ነው፤ በሁለት ኃይሎች የመሬት ጠብ መካከል የተገደለ ሰው ያሳዝናል፣ ሰማዕት ለመባል ግን ጸሐፊው ብዙ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን ፍጻሜ የሚመርጥ ሰው ከሰባቱ በአንዱ ዓይን ቢጽፍ ይሻለዋል። ወገኖቹን ያጣ፣ በባዕድ አለቃ ደጅ መዳብ የሚቀጠቅጥ ሰው «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» ሲል፣ አንባቢ ቃሉን ከራሱ አፍ እንደ ወጣ ይሰማዋል።

የቀሩት በአጭሩ

ባሕር በላቸው የሚለው ይቻላል፤ ትናንሽ ጀልባዎች ነበሯቸው፣ ተስፋ ቆርጠው ወደ አገራቸው ቀዝፈው ሊሆን ይችላል። ለአጭር ልብ ወለድ ይበቃል፣ ለረጅም ግን ታሪኩ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

ስፔኖች ፈጇቸው የሚለውን ይተዉት። ስፔኖች በእርግጥ ይፈልጓቸው ነበር፤ በ1588 ቪሴንቴ ጎንሳሌስ የመራት መርከብ የጀልባ ማውረጃና በበርሜል የተሠሩ የእንግሊዝ ጉድጓዶችን አይታ ተመልሳለች። ኋላም እንግሊዞችን መፈለጋቸውን መቀጠላቸው አለማግኘታቸውን ይነግረናል።

የዴር ድንጋዮች የሚባሉት ደግሞ ብዙዎችን አሳስተዋል። በ1937 ኤሊኖር ለአባቷ የባሏንና የልጇን ሞት የጻፈችበት ነው የተባለ ድንጋይ ቀረበ። ከእርሱ በኋላ ከ40 በላይ ሌሎች ተከተሉ፣ በ1941 እነዚያ የተጭበረበሩ መሆናቸው በጋዜጠኛ ምርመራ ተጋለጠ። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በልብ ወለድ መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን በመቅድሙ ላይ ለአንባቢ በግልጽ ይነገር።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙም ያልተሄደበት። ድሬክ በ1586 ሮአኖክ ሲደርስ ከካሪቢያን የስፔን ከተሞች የወሰዳቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያንና የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጭኖ እንደ ነበር የስፔን ምንጮች ይመሰክራሉ። የሌን ሰዎች ተሳፍረው ሲሄዱ እነዚያ ሰዎች የት እንደ ደረሱ የሚናገር የለም። ስለ ጠፉት እንግሊዞች ያልተቋረጠ ፍለጋ ሲደረግ ስለ እነርሱ የጠየቀ ጥቂት ነው። በስፔን ምድር ተጠምቆ በእንግሊዝ መርከብ ተጭኖ በክሮአቶአን ዳርቻ የቀረ አንድ አፍሪካዊ ክርስቲያን፣ ከዓመት በኋላ የዋይት ሰዎች ሲመጡ ከጫካ ቢያያቸውስ? ማስረጃ የለውም፤ ልብ ወለድ ስለሆነ ይፈቀዳል። አማርኛ ጸሐፊ ይህን ቢነካው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ማን ይተርከው?

ጆን ዋይት ከሁሉም ይቀላል፣ ምክንያቱም ጽሑፉ አለን። ሠዓሊም ነበር፤ በ1585 የአገሬውን ሰዎች የሣለባቸው የውኃ ቀለም ሥዕሎች ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። በአንዱ ሥዕል ላይ ፖሜዮክ ከምትባል የአገሬው መንደር የሆነች አንዲት ትንሽ ልጅ የእንግሊዝ አሻንጉሊት ይዛ ከእናቷ ጎን ትታያለች። ይሁን እንጂ እርሱ ፍጻሜውን አላየም፤ ስለዚህ በእርሱ የሚተረክ መጽሐፍ ስለ ጥበቃና ስለ ጸጸት ይሆናል እንጂ ስለ ጠፉት አይሆንም።

ኤሊኖር ዴር ብዙ ጸሐፊ የሚመርጣት ናት። አራስ፣ አባቷ የሄደባት፣ ከ17 ሴቶች አንዷ። የሴቶቹን ሕይወት ለማሳየት ከእርሷ የተሻለ የለም፤ ብቻ የዛሬ ዘመን አስተሳሰብ በ1587 አፍ ውስጥ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ዴርን ከሁሉ በኋላ አስቀምጣታለሁ። ብዙ ተረት ስለተጫነባት እንደ ሰው እንድትተነፍስ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

ማንቴኦ ከባዱ ነው፣ ትክክለኛውም እርሱ ይመስለኛል። ሁለቱን ዓለም ያየ፣ የተጠመቀ፣ ወገኖቹ በወዳጆቹ ጥይት የተመቱበት፣ በእንግሊዞች ቃል የሮአኖክ ጌታ ተብሎ የተሾመ፣ ወገኖቹ ግን ይህን ሹመት እንዴት እንዳዩት የማይታወቅ ሰው። በልቡ ውስጥ ገብቶ ለመተረክ የማይደፍር ጸሐፊ ቢያንስ ከአጠገቡ የቆመ ሰው ይምረጥ፤ ለምሳሌ ቋንቋውን እየተማረ የሚያድግ የሰፋሪ ልጅ። ከሰፋሪዎቹ ዘጠኙ ልጆች ስለ ነበሩ ይህ ከታሪኩ አይወጣም።

የእምነታቸውን መልክ አለመሳት

በጥሩ ሐሳብ የተጀመረ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዝርዝር ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች በ1620 በሜይፍላወር የመጡት ተሳላሚዎች አይደሉም፤ በ33 ዓመት ይቀድሟቸዋል። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ አምልኳቸው በ1559 በወጣው የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ነው። በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1611 ስለሆነ በእጃቸው ሊኖር አይችልም፤ በቤት የሚነበበው በአብዛኛው በ1560 የታተመው የጄኔቫው ነበር። መዝሙራቸውም በግጥም የተዘጋጀው መዝሙረ ዳዊት ነው።

የሰፋሪዎቹ ስም ዝርዝር ካህን ብሎ የለየው ሰው የለም፤ ማንቴኦንና ሕፃኗን ማን እንዳጠመቃቸውም አልተጻፈም። ይህ ክፍተት ለጸሐፊ ስጦታ ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ሕፃን ለሞት ካሰጋ ምእመን፣ አዋላጅም ብትሆን፣ ማጥመቅ ይችላል፤ ቁርባን ግን ያለ ካህን የለም። ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ ልጆቻቸው ይጠመቃሉ፣ አይቆርቡም። ይህን የሚራብ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ይኑር። የኢትዮጵያ አንባቢ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ማየት ለምዷልና ቨርጂኒያ በሁለተኛ ቀኗ መጠመቋ እንዳያስገርመው፣ በእንግሊዝ ደንብ ከልደት በኋላ ባለው እሑድ ወይም በዓል ማስጠመቅ የተለመደ እንደ ነበር አንድ ገጸ ባሕርይ በጨዋታ መካከል ቢያነሣው ይበቃል። ጸሎታቸውም የዛሬ ጉባኤ ጸሎት እንዳይመስል ይጠንቀቁ፤ የተጻፈ ጸሎት በቃላቸው የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ የትኛውን?

የመጀመሪያ መጽሐፉን ለሚጽፍ ሰው ክሮአቶአንን፣ በልጅ ዓይን፣ ከ1587 እስከ 1590 ባለው ሦስት ዓመት ብቻ ተወስኖ እመክራለሁ። ድርቁ፣ ረኀቡና ቋንቋ መማሩ ለአንድ መጽሐፍ ከበቂ በላይ ናቸው። ለወጣት አንባቢዎች የሚጻፍ ከሆነም ይኸው ይሻላል፤ የኦገስት 9ኙ ሌሊት ግን ለወጣት ነው ተብሎ አይዘለል።

ልምድ ያለው፣ ብዙ ትውልድ የሚዘልቅ ሥራ የሚያስብ ጸሐፊ አንደኛውንና ሦስተኛውን ያጋጥም፤ ሰፋሪዎቹ ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ በደሴቱ ሲቀሩ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን ሄደው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከሰባቱ አንዱ ወደ ሃተራስ ተመልሶ የዘመዶቹን ልጆች ሲያገኝ። እነዚያ ልጆች ጸሎቱን ያስታውሱ ይሆን? ስንቱን ቃል? ጥናት የሚወድና ብዙ ተዋናይ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ይያዝ፣ ቾዋኖኮችን ሳይረሳ።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ የሚኖሩ ጸሐፊዎች ሌላ ዕድል አላቸው፤ ሮአኖክ ደሴት በአንድ ቀን በመኪና የሚደረስበት ነው። ዋናዋ ከተማ በማንቴኦ ስም ተሰይማለች፣ ሁለተኛዋም በዋንቺዝ፤ አውራጃው ደግሞ በቨርጂኒያ ዴር ስም ይጠራል። ፎርት ራሌይ በተባለው ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ ከ1937 ጀምሮ በበጋ ወራት ስለ ሰፋሪዎቹ ድራማ በአደባባይ ይታያል። ከዚያ ወደ ሃተራስ ወርዶ ጠባቡን መሬት በሁለት በኩል ከባሕሩ ጋር ማየት፣ የስንት ሰው ቀለብ እንደሚወጣበት በዓይን መገመት፣ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መጀመር።